እርማት፦ የሮታሪ ሞተርን የሚገድለው አፔክስ ሲሉ አይደለም

ወንድሜ፣ «የማዝዳ አርኤክስ 7 ሞተር ቶሎ የሚሞተው አፔክስ ሲሉ ደካማ ስለሆነ ነው፤ ጠንካራ አስገጥምና የቱርቦውን ግፊት ጨምር» ብለሃል። ብዙ ሰው ያምንበታል። ግን ስህተት ነው፤ ሞተር ያስበላል።

የአርኤክስ 7ቱ 13ቢ ሞተር በፒስተን ፈንታ የሚሽከረከሩ 2 ባለሦስት ማዕዘን ሮተሮች አሉት። በእያንዳንዱ ሮተር 3 ጫፎች ላይ ያሉት ቀጫጭን ማሸጊያዎች ናቸው አፔክስ ሲል የሚባሉት። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው የአርኤክስ 7 ትውልድ ላይ ውፍረታቸው 2 ሚሊሜትር ነው። የሚሰብራቸው ዲቶኔሽን የሚባለው ያልተፈለገ ፍንዳታ ነው። ግፊቱ ጨምሮ ነዳጁ ሲያንስ ወይም የሚገባው አየር ሲግል፣ ያልተቃጠለው የአየርና የነዳጅ ድብልቅ ከካንዴላው የተነሳው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ይፈነዳል። አንዴ ሊበቃ ይችላል። ስባሪው በጭስ መውጫው ሲወጣ የቱርቦውን ምላጭ ይመታል። ጠንካራ አፔክስ ሲል ፍንዳታውን አያስቀርም፤ ጉዳቱን ወደ ሌላ ክፍል ያዞረዋል እንጂ።

ለትራክ ከሆነ ብርህን መጀመሪያ ማቀዝቀዣው ላይ አውጣ፦ ራዲያተር፣ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚመጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው)፣ የዘይት ማቀዝቀዣ። ዘይቱን አትናቀው፤ ሮተሮቹን ከውስጥ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው። ቀጥሎ ነዳጅና ቱኒንግ (የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከል)። ግፊት መጨረሻ ላይ። እባክህ የፋብሪካውን የሙቀት መለኪያም አትመን፤ ሌላ ጨምርበት። ውሃው እየጋለ ቀስቱ መሃል ላይ ዝም ብሎ ይቆማል። ሲነሳ ረፍዷል።