ሳትጠይቁኝ «በጎ ፈቃድ» አትበሉት

አርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ ቴሌግራሜ ጮኸ። የወረዳችን ሠራተኞች ግሩፕ ነው። «ነገ ከጠዋቱ 12:30 ሁሉም ሠራተኛ ለበጎ ፈቃድ ሥራ አራት ኪሎ ይገኝ። አቴንዳንስ ይያዛል። መቅረት አይቻልም።»

አሁንስ በቃኝ!

መቅረት ካልተቻለ ፈቃዱ የቱ ጋ ነው? የማን ፈቃድ ነው? እኔን ማን ጠየቀኝ?

በሳምንት 39 ሰዓት እሠራለሁ። ቅዳሜ ለልጄ ልብስ የማጥብበት፣ እናቴን ሄጄ የማይበት ቀን ነው። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ የሚባል ነገር አላየሁም። ችግኝ፣ ጽዳት፣ ደግሞ ችግኝ። ታክሲ ከኪስ። ምሳ ከኪስ። አንዷ ባልደረባችን የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሆና አካፋ ይዛ ቆማለች። ለምን? የሥራ አፈጻጸም ውጤቷ እንዳይቀነስ! ይሄ ደግ ሥራ ነው?

መርዳት ጠልቼ አይደለም። ደም በየጊዜው እሰጣለሁ፤ ማንም ስሜን ጠርቶ አያውቅም። የጎረቤታችን የእማማ ጣሪያ ሲያፈስ፣ የሰፈር ሰዎች ተጠራርተን በአንድ እሁድ ቆርቆሮውን ቀየርነው። እማማ ቡና አፍልተው መረቁን። እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር! ያንን ደስታ ነው የወሰዳችሁብኝ።

ከሥራ ቀናችን ላይ አንድ ቀን ስጡን። የምንሠራውንም እኛ እንምረጥ። ሒሳብ የሚችለው ተማሪ ያስጠና፣ ጉልበት ያለው ቤት ያድስ፣ የደከመው ይረፍ። ይሄ ይከብዳል?

ነገ እሄዳለሁ። ስሜ ስለሚጠራ ብቻ።