የፎርሙላ ዋን ዳኞች፦ አንድ ጥፋት፣ ስንት ዓይነት ቅጣት?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «የፎርሙላ ዋን ዳኞች ለተመሳሳይ ጥፋት ምንጊዜም ተመሳሳይ ቅጣት መስጠት አለባቸው» የሚል ነው። ሐሳቡን የምትደግፈው ለገጣፎ የምትኖር የሕግ ጠበቃ ናት። የሚቃወሙት ቃሊቲ ውስጥ የከባድ መኪና ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ናቸው። የውድድሮቹ ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጠበቃዋ

ሁለት እሑዶችን አንድ ላይ እንመልከት። ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ኦስቲን ላይ ላንዶ ኖሪስ ከትራኩ ወጥቶ ማክስ ቨርስታፐንን አልፏል ተብሎ በውድድር ሰዓቱ ላይ አምስት ሰከንድ ተጨምሮበት ተቀጣ። ሦስተኛ ሆኖ ገብቶ አራተኛ ተባለ፤ ሦስተኝነቱን የወሰደው ራሱ ቨርስታፐን ነው። ምስሉን ደጋግማችሁ እዩት፦ ቨርስታፐንም ፍሬን አዘግይቶ ይዞ፣ ኩርባው አልመለስ ብሎት ከነጩ መስመር ወጥቷል። ሁለቱም ወጡ፣ አንዱ ተቀጣ። ዳኞቹ የሚሠሩበት መመሪያ የኩርባው ውስጠኛ ጫፍ ላይ ቀድሞ ለደረሰው ያደላልና ፍሬኑን ለቆ ዘው ብሎ የገባ ሁሉ ባለመብት ሆነ። በሳምንቱ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ያው ቨርስታፐን ያንኑ ኖሪስን ሁለቴ ከመንገድ አስወጣው። አሁን ግን አሥርና አሥር፣ ሃያ ሰከንድ ተከናነበ።

በእኛ አገር አንዱ ችሎት እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ሲፈርድ የሚያቃና አለ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን ፍርድ ቤት ሁሉ ያስራል። ፎርሙላ ዋን ላይ በ2024 ብቻ 24 ውድድር ነበር። በየውድድሩ ሦስት ወይም አራት ዳኞች ይሰየማሉ፣ ሰዎቹም ይቀያየራሉ። ባለፈው ሳምንት የተፈረደው የዚህን ሳምንት ዳኛ አያስገድደውም። በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር እየነዳ ወደ ኩርባ የሚገባ ሰው ምን እንደሚያስቀጣው አስቀድሞ ካላወቀ የሚፈረድበት በሕግ ነው ማለት አይቻልም።

መካኒኩ

እህቴ፣ አጻጻፍሽ ጥሩ ነው። ግን ኦስቲንንና ሜክሲኮን አንድ ማድረግሽ ትክክል አይደለም። ሜክሲኮ አራተኛው ኩርባ ላይ ኖሪስ ሲገባም፣ ውስጠኛው ጫፍ ላይ ሲደርስም፣ ሲወጣም ቀዳሚ ነበር። ኦስቲን ላይ ጫፉ ላይ ቀድሞ የደረሰው ቨርስታፐን ነው። ነገሩ የተለያየ ስለሆነ ፍርዱም ተለያየ። አንቺ ሁለት መኪና ጎን ለጎን አይተሽ ተመሳሳይ ነው አልሽ። ሕግ ተምረሻል፤ ኩርባ ውስጥ መኪና ሲከዳሽ ግን አላየሽም።

አንዱ በአዲስ ጎማ፣ ሌላው ባለቀ ጎማ ይገባል። አንዱ ታንኩ ሙሉ ነው፣ ሌላው ሊያልቅበት ነው። ንፋሱ ከኋላ ከሆነ ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ራሱ ይለወጣል። ዳኛ መሪው መቼ እንደታጠፈ፣ ፍሬኑ መቼ እንደተረገጠ በመረጃ አይቶ ይፍረድ እንጂ የዋጋ ዝርዝር ይዞ አይቀመጥም።

በሰንጠረዥ ሲፈረድ ምን እንደሚመጣ ከፈለግሽ ኬቨን ማግኑሰንን እይ። ከ2014 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 12 የቅጣት ነጥብ የሞላበት ሹፌር አንድ ውድድር ይታገዳል። ማግኑሰን በ2024 ሞንዛ ላይ ከፒየር ጋስሊ ጋር ተነካካ፤ ሁለት ነጥብ ተጨመረበት፣ 12 ሞላ፣ ባኩ ላይ ሳይነዳ ቀረ። የተገፋው ጋስሊ ራሱ ቅጣቱ አይገባውም ብሎ ተናግሯል። ተበዳዩ አልተበደልኩም እያለ ሰንጠረዡ አገደው። ይህንን ነው እናስፋፋው የምትይው?

አቡዳቢን እንደምታመጪ ስለማውቅ ቀድሜ ልናገር። በ2021 የውድድር ዳይሬክተሩ ማይክል ማሲ ያደረገው እንደ መመሪያው አልነበረም፣ አልክድም። ግን የዓመቱ ሻምፒዮና በሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ ሁሉንም በዝግታ በሚያስከትለው መኪና) ጀርባ ተጎትቶ ቢያልቅ ይሻል ነበር? ሰው የተቀመጠው እሽቅድምድም ሊያይ ነው፤ ያንንም አይቶ ተነሥቷል።

ጠበቃዋ

«ያንንም አይቶ ተነሥቷል።» ጋሼ፣ ከጻፉት ሁሉ ይህችን ማለፍ አልቻልኩም።

ዲሴምበር 12 ቀን 2021 ሉዊስ ሃሚልተንና ቨርስታፐን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ገቡ። ውድድሩ 58 ዙር ነው። ሃሚልተን እየመራ ሳለ በ53ኛው ዙር ኒኮላስ ላቲፊ ተጋጨና ሴፍቲ ካር ወጣ። ቨርስታፐን ፒት (ከትራኩ ጎን ያለው የቡድኖቹ መሥሪያ ቦታ) ገብቶ አዲስ ጎማ ቀየረ። መጀመሪያ፣ በዙር የተቀደሙት መኪናዎች አያልፉም ተባለ። ቀጥሎ አምስቱ ብቻ፣ በሃሚልተንና በቨርስታፐን መካከል የነበሩት አምስቱ ብቻ ይለፉ ተባለ። ከቨርስታፐን ኋላ የነበሩት ባሉበት ቀሩ። ሦስተኛ የነበረው ካርሎስ ሳይንዝ ከፊቱ ማንም አልተነሣለትም። ሴፍቲ ካሩም በመመሪያው መሠረት አንድ ተጨማሪ ዙር ሊጠብቅ ሲገባው በዚያው ዙር ገባ። የቀረው አንድ ዙር ነበር፤ በዚያ አንድ ዙር ቨርስታፐን ሃሚልተንን አለፈው፣ የዓለም ሻምፒዮናም ከሃሚልተን እጅ ወጣ። ማሲ ከቦታው ተነሣ። የስፖርቱ የበላይ አካል ኤፍአይኤ ራሱ በማርች 2022 ባወጣው ሪፖርት የሰው ስህተት እንደነበረ አምኖ ውጤቱ ግን ይጸናል አለ።

ሰው አይቶ ተነሣ ይሉኛል። የትኛው ሰው? ያን እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ሠፈራችን ያለው ዲኤስቲቪ ቤት መቆሚያ አልነበረውም። ባለቤቱ በሁለተኛው ስክሪን የእንግሊዝ ኳስ ሲከፍት እንኳ የዞረ ሰው አልነበረም። ካለቀ በኋላ ሰው ተነሥቶ አልሄደም፣ ቆሞ ይጨቃጨቅ ነበር። የቨርስታፐን ደጋፊ የሆነ ጎረቤቴ ሳይቀር «ለምን አምስቱ ብቻ?» እያለ ይጠይቅ ነበር። የረካ ሰው አላየሁም። ተመልካች ቢረካስ? የፍርድ ቤት ታዳሚ እንዳይሰለች ተብሎ ሥነ ሥርዓት ይዘለላል?

ኩርባ አላየሽም ያሉኝንም አልወድም። ከለገጣፎ መገናኛ በየማለዳው የምነዳው እኔ ነኝ። ባልነዳስ? በነፍስ ግድያ ጉዳይ የሚቆም ጠበቃ መጀመሪያ ሰው መግደል አለበት?

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ዳኛ የሚመዝነው ድርጊቱን ነው። ድርጊቱ ያስከተለው ጉዳት፣ የተመልካቹ ስሜት፣ የሻምፒዮናው ሰንጠረዥ ከፊቱ መቅረብ የለባቸውም።

መካኒኩ

ያስከተለው ጉዳት ከፊቱ መቅረብ የለበትም? ይህን የጻፈችው ጠበቃ ናት?

ጋራዤ የሚገቡ የሲኖትራክ ሹፌሮች የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 543 በቃላቸው ያውቁታል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ያለቀ የፍሬን ሸራ ይዞ ከቃሊቲ ወደ ደብረ ዘይት የወጣ ሹፌር አጥር ገጭቶ ቢቆም ቅጣቱ ሌላ ነው፣ ሰው ቢገድል ሌላ ነው። ሸራው ያው ሸራ፣ ቸልተኝነቱ ያው ቸልተኝነት። ሕጉ ግን ሁለቱን አንድ አያደርጋቸውም፤ የሞተ ሰው አለና! አንቺ ይህን ከእኔ መማር አልነበረብሽም።

አሁን ወደ ሲልቨርስቶን እንሂድ። ጁላይ 18 ቀን 2021፣ የመጀመሪያው ዙር፣ ኮፕስ የሚባለው ኩርባ። ያ ቦታ እግር ከነዳጅ የማይነሣበት ነው ማለት ይቻላል። የሃሚልተን የፊት ግራ ጎማ የቨርስታፐንን የኋላ ቀኝ ጎማ ነካ። ቨርስታፐን 51 ጂ (የመሬት ስበት 51 እጥፍ) በተለካ ኃይል ግድግዳውን መታ፣ ሆስፒታል ገባ። ሃሚልተን አሥር ሰከንድ ተቀጣ። አሥሩን ሰከንድ ፒት ውስጥ ቆሞ ከፈለና ሁለት ዙር ሲቀር ሻርል ለክሌርን አልፎ አሸነፈ። በነጥብ 33 ይቀድመው የነበረው ሰው ወደ 8 ወረደ። ጥፋተኛ የተባለው ዋንጫ አነሣ፣ የተገፋው ራጅ ይነሣ ነበር። የአንቺ ዳኛ ይህን ሁሉ አያይም። ካላየ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?

ጠበቃዋ

አቡዳቢ የት ሄደ? አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈው ስለ አምስቱ መኪናዎች አንድ ቃል የለም። የወንጀል ሕግ ለወንጀል ነው፣ ሲልቨርስቶን ስፖርት ነው፤ በዚያ አልገባም። የእርስዎን «እንደ ሁኔታው» ግን በራስዎ ሙያ ላሳይዎት።

ማርች 2023፣ ጅዳ። ፈርናንዶ አሎንሶ መነሻው ላይ መኪናውን ከተሰመረለት ሳጥን አስወጥቶ በማቆሙ አምስት ሰከንድ ተቀጣ። ፒት ገብቶ ቆመ፤ ሰከንዱ እስኪያልቅ መኪናው ላይ መሥራት ክልክል ነው። የኋላው ክሪክ ነካው ተባለ። ሦስተኛ ወጥቶ፣ መድረክ ላይ ቆሞ፣ ዋንጫ ተቀብሎ ከወረደ በኋላ ሌላ አሥር ሰከንድ ጨመሩበትና ቦታውን ለጆርጅ ራስል ሰጡት። ቡድኑ ቅጣቱ ዳግም ይታይልን አለ፤ ከዚያ በፊት ክሪክ ነክቶ ያልተቀጣባቸውን ሰባት አጋጣሚዎች በምስል አቀረበ። ዳኞቹ ቅጣቱን ሻሩት፣ ሦስተኝነቱም ተመለሰለት። መቶኛ የመድረክ ውጤቱ ነበር፤ በአንድ ሌሊት ተሰጠው፣ ተነጠቀ፣ ተመለሰለት። ሰባት ጊዜ ያልተቀጣ ነገር በስምንተኛው የሚያስቀጣ ከሆነ የትኛው መካኒክ ነው ክሪኩን የት እንደሚያቆም የሚያውቀው?

መካኒኩ

አንቀጽ ሲጠቅምሽ ሕግ ነው፣ ሲጎዳሽ ስፖርት ነው? ሰበር ሰሚን ያመጣሽው አንቺ ነሽ።

ስለ ክሪክ ካነሣሽ ደግሞ ስሚኝ። ክሪኩ ከመኪናው ሥር ገብቶ ሲነካ እጀታው ላይ ይታወቅሻል፤ የላላው ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ መጫን ነው፣ መኪናው ይነሣል። እኔ ጋራዥ ክሪክ ከነካ ሥራ ተጀምሯል፤ ልጆቼ እጃቸውን ከጎማው ሥር ያነሣሉ። ፒት ውስጥ ሥራ የሚለካው በሰከንድ ቅንጣት ነው፤ ክሪኩን አስጠግቶ መጠበቅና ራቅ አድርጎ መጠበቅ አንድ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ የቀጡት ልክ ነበሩ። ሰባቱ ጊዜ ነው ስህተቱ። ሰባት ጊዜ ዓይኑን የጨፈነ ዳኛ ስምንተኛውን ሲያይ፣ አላየህም ብለን እንመልሰው? የአንቺ ተመሳሳይነት ስህተትንም ተመሳሳይ አድርጉ ይላል። እኔ ይህን ፍትሕ አልለውም።

እዚያ ወንበር ላይ ክሪክ ጨብጦ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ሰባት ጊዜ ባላለፈም ነበር። የቀድሞ ሹፌር ያስቀምጣሉ፤ የቀድሞ የፒት መካኒክም ያስቀምጡ።

ጠበቃዋ

ሰባቱ ስህተት ይሁኑ፣ እሺ። የሚታረሙት ግን እንዴት ነው? ቡድኖቹን ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ክሪክ ከነካ ሥራ ነው» ማለት፣ በጽሑፍ ማውጣት፣ ከዚያ መቅጣት። ትናንት ሲፈቀድ የኖረውን ያደረገ ሰው ዛሬ ሳይነገረው አይቀጣም። ዳኛው ልምዱን መለወጥ ይችላል፤ የሚለውጠው ግን ለነገ ነው።

እርስዎ እንዳሉት ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከሆነ ችግሩ፣ ይህ ሰው ማን እንደሆነ እንይ። የፎርሙላ ዋን ዳኞች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ወጪያቸው ይሸፈናል እንጂ ደመወዝ የላቸውም። ሹፌሩ በሚሊዮን ይከፈለዋል፣ ቡድኑ በመቶ ሚሊዮን ያንቀሳቅሳል፣ ፈራጁ የሥራ ቀኑን አጣጥፎ የመጣ ሰው ነው። በ2025 ኤፍአይኤ የቅጣት መመሪያውን ለሕዝብ ይፋ አደረገ፤ ጥሩ ነው፣ ግን መመሪያ መሆኑን ራሱ ይናገራል፣ አያስርም። ዓመቱን ሙሉ አብረው የሚዞሩ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ አምና የጻፉትን ዘንድሮ የሚያስታውሱ ዳኞች ይቀጠሩ። ከቀድሞ ውሳኔያቸው ሲለዩም ለምን እንደተለዩ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፉ። መካኒኩንም ይጨምሩ፣ አልቃወምም።

ስለ አምስቱ መኪናዎች አሁንም እየጠበቅኩ ነው።

መካኒኩ

ስለ አቡዳቢ መጀመሪያ ላይ አልክድም ብያለሁ፤ ሌላ ምን ልጨምር?

አሁን ያመጣሽው ግን ከዚያ ይከብዳል። የሚዞሩ ሰዎች ሲሳሳቱ ሌላ እሑድ ሌላ ሰው ይመጣል። አንድ ቡድን ሁልጊዜ ሲቀመጥ ከአንዱ ሹፌር ጋር ቢቃቃርስ? 1989 ሱዙካን አስታውሺ። ሹፌሮቹ አላን ፕሮስትና አይርተን ሴና ተጋጩ፤ ሴና መኪናውን አስገፍቶ ተነሣ፣ የፊቱን ክንፍ ቀየረ፣ መስመሩን ቀድሞ አለፈ። ኩርባውን ቆርጦ ተመለሰ ተብሎ ተሰረዘ፤ ሻምፒዮናው ለፕሮስት ሆነ። ቡድኑ ይግባኝ ቢል ይግባኙ ሴና ላይ የመቶ ሺህ ዶላር ቅጣትና በገደብ የተያዘ የስድስት ወር እገዳ ጨመረበት። የዚያን ጊዜው የስፖርቱ ኃላፊ ዣን ማሪ ባሌስትር ፈረንሳዊ ነው፣ ፕሮስትም ፈረንሳዊ ነው፤ ይህ ሐሜት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም አልበረደም። ያ ሰው በየሳምንቱ የሚቀየር አልነበረም። ሥልጣኑ ቋሚ ነበር።

ደመወዝ ይከፈላቸው፣ በዚህ አልጣላሽም። ዓመቱን ሙሉ እነዚያው ሰዎች ይቀመጡ የምትይ ከሆነ ግን ማን እንደሚሾማቸው፣ ማንስ እንደሚሽራቸው አብረሽ ጻፊ።