ጥያቄው በስልቻ ነው የመጣው

በየዓመቱ የካቲት ሲደርስ በንጉሡ ዘመን ስለተነሳው የተማሪ ትውልድ ፌስቡክ ላይ ያው ጭቅጭቅ ይነሳል። ግማሹ «ያ ትውልድ አገር አፈረሰ» ይላል፣ ግማሹ «እንደነሱ ያለ አይወለድም» ይላል። ሁለቱም ወገን የሚጠራው ያንኑ አምስት ስድስት ስም ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ክርክሩን ስሰማ ሁሌም አንድ ነገር ይጎድለኛል። ስንቅ።

አትሳቁ። የደሴው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ተማሪ ሲባል ሁሉም የከተማ ልጅ ይመስለናል። አልነበረም። ከገጠር የመጣው ልጅ ለአራት ለአምስት ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራይ ነበር። ምግቡ ከቤት በስልቻ ይመጣል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ የሽሮ ዱቄት። ሲያልቅበት በእግሩ አገሩ ወርዶ ያመጣል። ታዲያ አባቱ ያረሰው እህል አውድማ ላይ ለባለመሬቱ እኩል ወይም ሲሶ ሲሰፈርለት ቆሞ የሚያየው ያኔ ነው። ሰኞ ተመልሶ ክፍል ውስጥ ስለ ፈረንሳይ አብዮት ይማራል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ (የዛሬው አዲስ አበባ) ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ ለዚህ ልጅ አዲስ የሆነበት መፈክሩ ነው እንጂ ነገሩስ የቤቱ ነበር።

ከዚያ የ1965 ረሃብ መጣ። ባለሥልጣኑ ነገሩን ሸፋፈነው። ሰፈራችን ያኔ ክፍል ያከራዩ የነበሩ አንዲት እናት አሉ፣ ዛሬም ቡና ሲፈላ ይጠሩኛል። እሳቸው እንደሚሉት ረሃቡን ከሬዲዮ በፊት የነገራቸው ስልቻው ነው። ልጆቹ አገራቸው ሄደው ስልቻውን እንዳጣጠፉ ይዘው ተመለሱ። ቀጥሎ ደግሞ ሰዉ ራሱ በአስፋልቱ እየተጎተተ ወደ ደሴ መጣ፤ የደረሰው ደረሰ፣ መንገድ ዳር የቀረውም ቀረ። «በዚያ ዓመት ኪራይ አልጠየቅኋቸውም፤ ምን ብዬ ልጠይቅ ልጄ?» ይላሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ያነሱትን ፎቶግራፍ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ለሕዝብ አሳዩ። እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረፀው ፊልም ደግሞ በ1967 የእንቁጣጣሽ ማታ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

እና «እነዚያ ልጆች ማርክስን አንብበው ነው ያበዱት» የሚለኝ ሰው ያበሳጨኛል። በ1966 የካቲት መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ምክንያት ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ዕቅድ ነበር። ብዙው የድሃ ልጅ ከጥቂት ዓመት ትምህርት በኋላ ወደ እርሻው እንዲመለስ የሚያደርግ ነው ተብሎ ተፈራ። ወደ የቱ እርሻ? ያንን ለመቃወም ማርክስን ማንበብ አያስፈልግም።

ይህን ስል ግን ንጹሕ ነበሩ እያልኩ አይደለም። ጥያቄው የቤት ሆኖ መልሱን ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ ገለበጡት፣ የተለየ ያሰበውን ጓደኛቸውን «አድኃሪ» ብለው ጨረሱት። በኋላ ተቧድነው ሲጠፋፉ፣ ደርግም ቀይ ሽብር ብሎ ሲለቅማቸው፣ ደሴ ስንት እናት ከል እንደለበሰች ሽማግሌ ጠይቁ። ከተማሪው ንቅናቄ ሰዎች አንዱ የሆነው ዋለልኝ መኮንን እዚሁ ስኂን ተምሮ በ1962 የጻፈው የብሔረሰቦች ጽሑፍ ይኸው እስከዛሬ ያጣላናል፤ አንብቦት የሚጣላው ግን ትንሽ ነው።

የእኚያ ክፍል አከራይ እናት ትችት ከኔ ይሻላል። አንድ ቀን ከተከራዮቻቸው አንዱ ስለ መሬት ለአራሹ እየተንተከተከ ሲያስረዳቸው «ለመሆኑ አራሹ ማነው?» አሉት። እህታቸው ገጠር ናት፤ በሬ አትጠምድም፣ ግን ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ዘር ትለቅማለች። ልጁ ትንሽ አሰበና «እትዬ፣ እሱን በስብሰባ እናነሳዋለን» አላቸው።

የመሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ወጣ። እውነት ለመናገር ወንድና ሴት አልለየም፣ ማረስ የሚፈልግ ሁሉ ያግኝ ነው ያለው። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ግን የሰፈረው የእህታቸው ባል ስም ሆነ።

«ስብሰባው ገና አላለቀም መሰለኝ» ይላሉ፣ ሁለተኛውን እየቀዱ።