አክስት አትቆጠርም

ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ አንድ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አክስቴ ይህን ሳታውቅ ነው ያረፈችው። "ምንድነው የምትሠራው?" ስትለኝ "ምግብ ፋብሪካ" እላታለሁ፤ እሷ ብስኩት መስሏት ትመርቀኛለች። ልጇ አዲስ አበባ አጠገብ ባለችው ገላን፣ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። "ሁለቱም ልጆቼ አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ናቸው" እያለች ለጎረቤት ታወራ ነበር አሉ። ነፍሷን ይማርና፣ አሳማ መሆኑን ብትሰማ ፀበል ነበር የምትልክልኝ።

ያሳደገችኝ እሷ ናት። መርዶውን የሰማሁት እረፍት ሰዓት ላይ ጓንቴን አውልቄ ስልኬን ስከፍት ነው። ቀጥ ብዬ የሠራተኞች ጉዳይ ክፍል፣ ኤችአር፣ ሄድኩ። ልጅቷ መጥፎ አይደለችም፤ ከልቧ አዘነች። ከዚያ ኮምፒውተሯን አየችና "ምንህ ናት?" አለችኝ።

አክስቴ።

"አክስት ዝርዝሩ ውስጥ የለችም።"

እናት አለች፣ አባት አለ፣ እህት፣ ወንድም፣ ሚስት፣ ልጅ፣ አያት ሳይቀር አለ። ለነሱ ሦስት ቀን። አክስት አትቆጠርም። "እናቴ ማለት ናት" አልኳት። "ማለት" የሚሞላበት ሳጥን ግን ፎርሙ ላይ የለም። በኋላ እንደተረዳሁት የፌዴራሉ ሕግ አሠሪን ለሐዘን ፈቃድ ስጥ ብሎ አያስገድድም። ሦስቱ ቀን ራሱ የፋብሪካው ቸርነት ነው። ቸርነት ደግሞ አይከራከሩትም።

በማግስቱ ቢላዬን ይዤ መስመሬ ላይ ቆምኩ። አርብ ዕለት ካርድ መጣልኝ። አበባ ያለበት፣ ሁሉም የፈረሙበት። ስሜን ተሳስተው ጽፈውታል። በዚያው ቀን ምርቱ ከዕቅድ በላይ ሆነ ተብሎ ፒዛ ታደለ። አርብ፣ በዐቢይ ጾም፣ ሥጋ የተከመረበት ፒዛ! ዳር ዳሩን ቆርሼ በላሁ።

ለሙት ዓመቷ ነው አገር ቤት የገባሁት። የአክስቴ ልጅ ያኔ የሆነውን ስትነግረኝ መጀመሪያ ያነሳችው ቀብሩን አይደለም። ሃይገሩን ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የፋብሪካው ሰርቪስ መጥቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ከሌሊት ፈረቃ የወጡት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። አንዳንዶቹ ከነጠላው ሥር የሥራ ቆባቸውን እንኳ አላወለቁም። ድንኳኑ በአንዴ ቫኒላ ቫኒላ ሸተተ። "ብስኩት ብስኩት የሚሸት ሰው አቅፎሽ ሲያለቅስ፣ እንባውም ረሃቡም እኩል ነው የሚመጣብሽ" አለችኝና ራሷ ሳቀች። ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ፋብሪካው ከራሱ ጉድጓድ በቦቴ ላከላቸው። ስም ዝርዝር ይዘው ያዋጡትን ገንዘብም በፖስታ ሰጧት። ሦስት ቀን ከነደሞዟ ተቀመጠች። ሦስቱ ቀን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይ ያለ መብቷ ነው። ሃይገሩ ግን የትኛውም አዋጅ ላይ የለም።

እኔ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። አንዲት ሴት ሞተች፤ አንዱ ፋብሪካ አውቶቡስ ላከ፣ ሌላው ፎርሜ ሳጥን ውስጥ አትገባም አለ።

ወሊዱም እንደዚያው ነው። የአክስቴ ልጅ ስትወልድ 120 ቀን ከነደሞዟ አርፋለች። እኔ ጋ አጠገቤ የምትቆመው ልጅ በስድስተኛው ሳምንት ተመለሰች። የአሜሪካው ሕግ የሚፈቅደው 12 ሳምንት ነው፣ እሱም ያለ ክፍያ። ያለ ክፍያ ማን ይተኛል?

ገላንን ግን ገነት አላደርጋትም። የፋብሪካውን አጥር ተከትዬ ሄጄ ለሰፈሩ ያወጡትን ቦኖ አይቻለሁ። ቧንቧዋ የአውራ ጣቴን ታህላለች። ከላይዋ የተሰቀለው ባነር የአንድ ክፍል ቤት ግድግዳ ይሸፍናል፤ "ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን እንወጣለን" ይላል፣ ከሥራ አስኪያጁ ፎቶ ጋር። ቢጫ ጀሪካኑ ተሰልፏል፣ ውሃው ግን የሚለቀቀው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ውሃውም እንደ ሠራተኛው ፈረቃ አለው። ደግሞ ወደ ቦኖው የሚወስደውን ኮብልስቶን ያፈራረሰው የነሱው ዱቄት ጫኝ ተሳቢ ነው። እሱን የሚመለከት ባነር አላየሁም።

ደሞዙንማ አታንሱት። የደሞዝ ወለል የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ያለው ያው አዋጅ ነው፣ 2011 ላይ። ወለሉ ግን እስካሁን ሲሚንቶ አልተገኘለትም። የአክስቴ ልጅ ቤት ኪራይ ከፍላ ጤፍ ስትገዛ ወሩ ገና አልተጋመሰም። ለበዓል ዘይት ይሰጧታል። ፎቶ ተነስታ ነው የምትቀበለው።

ማታ ቡና እየጠጣን ስለ ካርዱ ነገርኳት። ስሜን እንዴት አድርገው እንደጻፉት ሳሳያት እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሃይገሩን ወስደህ ደሞዝህን ብትሰጠኝስ?"

በሆዴ መደመር፣ መቀነስ ጀመርኩ። እሷ መልሴን አልጠበቀችም። የሌሊት ፈረቃ ነበረባት። ሻርፗን አስራ፣ ስኒዋን ገልብጣ ወጣች፤ ሰርቪሱ ከአስፋልቱ ላይ ሁለቴ ጥሩምባ ነፍቶ ነበር።