ወዘተ፦ 4,700 ብር

ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ የሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ የወሩን ሒሳብ ደረጃው ሥር በፕላስተር ለጥፎት አገኘሁ። ለጥበቃ ደመወዝ 3,500 ብር። ለውሃ ፓምፕ ጥገና 2,800 ብር። ለደረጃ አምፖል 600 ብር። ከዚያ በታች፣ በዚያው ሰማያዊ እስክሪብቶ፦ ወዘተ 4,700 ብር።

ዋጋ የወጣለት ወዘተ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ያውም ሌሊቱን ቆሞ ከሚያድረው ጥበቃ የሚበልጥ!

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ይህን ተረት እወደዋለሁ፤ እኛ ሰፈር ግን የሚሠራው ግማሹ ብቻ ነው። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሲቀናን ሁለት ቀን ስለሚመጣ ጥሩ ነው ደፍርሷል ብሎ የሚያማርጥ የለም። ስለዚህ ነገሩን ልያዝ።

ወዘተ ግእዝ ነው፤ ሙሉ ስሙ ወዘተርፈ። ትርጉሙ "የቀረውም" ነው። በላቲን ኤት ሴቴራ የሚባለውም ይኸው ነው፤ ኤት "እና"፣ ሴቴራ "የቀሩት ነገሮች"። እኛ በሦስት ፊደል እንዳሳጠርነው ፈረንጆችም በሦስት ፊደልና በአንድ ነጥብ ይገላገሉታል። የድርጅት ስሞች መሀል የሚሰኩት ያ የተጠማዘዘ የ"እና" ምልክት ሳይቀር የዚያ ኤት ሁለት ፊደላት ተጣብቀው የወለዱት ነው። በእኛም "እና" እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ወዘተ ውስጥ ያለው "ወ" እሱ ነው። "እና ወዘተ" የሚል ሰው "እና እና የቀረው" እያለ ነው። በሬዲዮ ስሰማው እዘጋዋለሁ።

ደግሞም ወዘተ የሚባለው አድማጩ ቀሪውን መገመት ሲችል ነው። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ብርቱካን ወዘተ ብትሉኝ ፓፓያን እጨምራለሁ። ጥበቃ፣ ፓምፕ፣ አምፖል ወዘተ ስትሉኝ ምን ልጨምር? ሄሊኮፕተር?

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የጂኦግራፊ መምህራችን የዓባይን ገባሮች ዘርዝሩ ብለው ፈተኑን። በሺሎ፣ ጀማ፣ ሙገር ካልኩ በኋላ ጉደርና ዲዴሳ ስለጠፉብኝ "ወዘተ" ብዬ ዘጋሁ። በቀይ ሰርዘው "ወዘተ የሚባል ወንዝ የለም" ብለው ጻፉበት። እሳቸው ያስጻፉን ማስታወሻ ግን፣ ደብተሬን ይዤ ቢሯቸው ድረስ ሄጃለሁ፣ "በሺሎ፣ ጀማ፣ ሙገር ወዘተ" ነበር የሚለው። የመምህር ወዘተ እውቀት፣ የተማሪ ወዘተ ድንቁርና! ሁለት ማርክ ነው። ዛሬም ይቆጨኛል።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ተርፈ። ትርፍም ትራፊም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። የ4,700 ብሩም ጥያቄ ይኸው ነው፤ ለማን ትርፍ፣ ለማን ትራፊ?

ገንዘብ ያዡን እዚያው ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ይህ ወዘተ ምንድን ነው?"

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። "የኔ ልጅ፣ ወረቀቱ አልበቃ ብሎኝ እኮ ነው።"

ወረቀቱን አየሁት። ከታች አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ አለ። ጣቴን ላሳርፍበት ስል ከግቢው "ውሃ መጣ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ተጠገነ የተባለው ፓምፕ ከምድር ቤት በላይ አያወጣም፤ ጀሪካኔ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ነው። ወጥቼ ስመለስ ጋሼ ሦስተኛውን ቢጫ ጀሪካን እየሞሉ ነበር፤ እኔ አሥራ አንደኛ ተሰለፍኩ። ዳቦውን የገዛሁት ከሰዓት በኋላ ነው።