ክፍሉን የዘጋው ተማሪው አይደለም

ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን በተላለፈ ውይይት ላይ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ኃላፊ የሰነዘሩትን ሐሳብ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ላልሰማ ባጭሩ ይኸው፦ አዲስ ገቢ ተማሪ ፖለቲካውን ግቢ በር ላይ አራግፎ እንደሚገባ ከወላጁ ጋር ይፈርም፤ በ1966 ዓ.ም. ተማሪው ደብተሩን ጥሎ አደባባይ ባይወጣ ኖሮ አብዮትም አይፈነዳ፣ አገርም እንዲህ አትሆን ነበር። አወያዩም በስምምነት አንገቱን ነቀነቀ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ለመጣል የሚቀለው እሱ ነውና። አብዮቱን ተማሪ አፈነዳው? ጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ያመፀው ወታደር ነው። የውኃ ፓምፑ ተበላሽቶበት፣ ከመኮንኖቹ ውኃ እንዳይቀዳ ተከልክሎ፣ የሚቀርብለት ምግብ አልዋጥ ብሎት ነው ያመፀው። ነገሩን ሊያጣሩ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዞ ያንኑ ምግብና ውኃ አቀመሳቸው። ፓምፑን ያበላሸው የትኛው የተማሪዎች ማኅበር ይሆን? የካቲት ላይ የታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ቤንዚን ስለተወደደባቸው ነው። መምህራኑ የተነሡት «ሴክተር ሪቪው» በተባለው የትምህርት ማሻሻያ ላይ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ሠራተኛው፣ ሚያዝያ ላይ ሙስሊሙ ኅብረተሰብ በየራሱ ጥያቄ ወጣ። ተማሪው በዚህ ሁሉ መሐል ነበር፤ አልነበረም የሚል የለም። ነገር ግን እሱ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ ሲሰለፍ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ዙፋኑ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመዘጋጃ ጊዜ ነበረው። ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ዝም ጭጭ ያለውም መንግሥት ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ሰቅለው ያሳዩት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ (የዛሬው አዲስ አበባ) ዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። በኃላፊው ሚዛን ጥፋተኛው ፎቶ ያነሣው ነው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተማሪው ደብተሩን ጣለ ይባላል። ማን አስጣለው? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። ተማሪው ውሎ ሳያድር «ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» አለ። ደርግ ይህን ጥያቄ አልወደደውም፤ እንዲህ የሚጠይቅ ግቢ አጠገቡ ተቀምጦ ወንበሩ እንደማይደላደል ገብቶታል። መፍትሔው ግቢውን ባዶ ማድረግ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ በይፋ ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ የ11ኛና የ12ኛ ክፍሉ፣ መምህሩም ሳይቀር፣ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሰው ወደ ገጠር ተበተነ። ያልዘመተ ትምህርት አይቀጥልም፣ ሥራም አያገኝም ተባለ። እስቲ ኃላፊው ይንገሩን፤ በዚያን ጊዜ ቢኖሩ ተማሪውን ደብተርህን ይዘህ ቁጭ በል ነበር የሚሉት ወይስ ሻንጣህን ሸክፍ?

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ፣ ለገበሬው የሚያስረዳውም፣ ማኅበር የሚያደራጀውም፣ ከባለ ርስቱና ከአካባቢው ፖሊስ ጋር ግንባር ለግንባር የሚጋጠመውም ይኸው ዘማች ተማሪ ሆነ። ከዚያ የበለጠ ፖለቲካ ምን አለ? መንግሥት የዘመኑን ትልቁን ፖለቲካ በሃያ ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ጫነ። ልጁ ግን ከተባለው ጥቂት አልፎ «ገበሬው ራሱን ያስተዳድር፣ ይታጠቅም» ሲል «አናርኪስት» የሚል ስም ተለጠፈበት። በ1966 መስከረም ከጠቅላይ ግዛት መጥቶ ስድስት ኪሎ የገባ አንድ አዲስ ተማሪ አስቡ። የመጀመሪያ ዓመቱን ግማሽ ተማረ፣ ግማሹን በስብሰባና በሰልፍ አሳለፈ። ሁለተኛ ዓመቱን ክፍል ሳይሆን ዘመቻ ጣቢያ ገባ፤ ፊደል አስቆጠረ፣ መጸዳጃ ቆፈረ። ሲመለስ የዩኒቨርሲቲው ስም ተቀይሮ ጠበቀው። ይህን ልጅ ነው ዛሬ «ከክፍል ጠፋህ» ብለን የምንወቅሰው!

ያ ትውልድ እርስ በርሱ እንደተጫረሰ አውቃለሁ፤ ከዚያ የምንማረውም አለ። ከክፍል ስለወጣ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም።

ሌሎቹንም ዓመታት እዩ። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱ ወታደር ግቢ ገብቶ አስከሬኑን በከበቡት ተማሪዎች ላይ ተኮሰ። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ተማሪው የታጠቀ ፖሊስ ከግቢ ይውጣልን፣ ጋዜጣችን ይታተም፣ ማኅበራችን ነጻ ይሁን አለ። መልሱ ጥይትና እስር ሆነ፤ ብዙዎች እስከ ኬንያ ተሰደዱ። ፖለቲካውን በር ላይ አራግፎ ያልገባው ማን ነው? ጠመንጃውንስ?

ፊርማውም ቢሆን አዲስ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተማሪና ወላጅ የሰላማዊ መማር ማስተማር ውል እንዲፈርሙ ተደርጎ ነበር። ጥቅምት ሳያልቅ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገደሉ። «እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ድረስ» የሚል ወረቀት በየዶርሙ በር ተለጠፈ፤ ልጆቻችን ሻንጣቸውን እየጎተቱ መናኸሪያ አደሩ። ከደምቢ ዶሎ ግቢ ወጥተው ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የታገቱት፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ተማሪዎችም የዚያው ዓመት ናቸው። መንግሥት በጥር ወር 21 ተማሪዎች ተለቀቁ አለ፤ ወላጆች ግን ልጆቻችንን አላየንም አሉ። እነዚያ ወላጆች የፈረሙት ውል ላይ በሌላኛው ወገን የፈረመው ማን ነበር? የትኛውን ግዴታ ገብቶ፣ የትኛውን ተወጣ?

ደግሞስ ፖለቲካ ከግቢ ወጥቶ ያውቃል? በኢሕአዴግ ጊዜ ተማሪው አንድ ለአምስት ሲጠረነፍ፣ የአባልነት ቅጽ በየዶርሙ ሲዞር፣ ይህን ፖለቲካ ነው ብሎ በር ላይ ያስቀረ ጥበቃ አላየንም። የሚታገደው የተማሪው የራሱ ጥያቄ ብቻ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ሕንጻ ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመፈንቅለ መንግሥቱ የተያዙት ሚኒስትሮችና መኳንንት በጥይት የተጨፈጨፉት እዚያው አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። እዚያ ግቢ የሚገባ ልጅ ፖለቲካን ከውጭ ይዞ መምጣት እንኳ አያስፈልገውም።

ውሉ የግድ ይፈረም ከተባለ እሺ፣ ይፈረም። እኔ ግን እንደ ወላጅ ሦስት አንቀጽ አስገባለሁ። ግቢ ውስጥ የታጠቀ ኃይል የሚገባው በምን ሁኔታና በማን ትእዛዝ እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። የትኛውም ፓርቲ፣ ገዢውን ጨምሮ፣ በዶርምና በመመገቢያ አዳራሽ አባል አይመልምል። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ የዘጋው ባለሥልጣን ስም፣ ምክንያቱና የሚከፈትበት ቀን ማስታወቂያው ላይ ይጻፍ። ኃላፊው እነዚህ ሦስቱ ላይ ፊርማቸውን ያኑሩ፤ የልጄን ፊርማ በማግስቱ ይዤ እመጣለሁ።