መንገዳችሁ ላይ ነው

በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለታኅሣሥ እረፍት ከአትላንታ ተነስተን ፍሎሪዳን በመኪና እንዞራለን፤ ዲዝኒ ግን አንገባም» ብዬ ጻፍኩ። ምክር ፍለጋ አልነበረም። ፈቃድ ጥየቃም አልነበረም። የት ጠፉ እንዳይባል ብቻ ነው።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት አክስቴ ቀደሙ። «በሰላም ግቡ ልጄ። ታምፓ ያለችው የአበልጄ ልጅ ጋ ጎራ በሉ፤ መንገዳችሁ ላይ ናት።» ዳላስ ያለው የአጎቴ ልጅ ተከተለ፤ ፔንሳኮላ ለሚኖር ጓደኛው የሚደርስ «አንድ ትንሽ ካርቶን» አለው፤ መንገዳችን ላይ ነው። ከዚያ ስሙን በነጥብ ብቻ የጻፈ፣ ማን እንደሆነ እስካሁን ያልለየሁት ዘመድ ሐሙስ ማታ ማያሚ ኤርፖርት የሚገባ ሰው እንድንቀበልለት ጠየቀ። እሱም መንገዳችን ላይ ነው። ሰውየው ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሳ መንገዳችን ላይ ሆኗል።

ፍሎሪዳ ለዘመዶቼ አንድ ግቢ ናት። ታምፓ ማድ ቤቱ፣ ማያሚ ሰርቪሱ፣ ፔንሳኮላ በሩ አጠገብ ያለችው የዘበኛ ቤት። ካርታው ግን ሌላ ነው የሚለው። ከፔንሳኮላ እስከ ኪ ዌስት በመኪና ከ800 ማይል በላይ ነው። እኛ ከአትላንታ ኦርላንዶ የምንደርሰው 440 ማይል ገደማ ነድተን ነው። አንዱን የፍሎሪዳ ጫፍ ከሌላው ጫፍ ለማገናኘት ከቤታችን ኦርላንዶ ደርሶ መልስ ያህል መንዳት ያስፈልጋል ማለት ነው። ያ ብቻ አይደለም፤ የፔንሳኮላ ሰዓት እንኳ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ሰዓቷ ከእኛ የማይገጥም ከተማ እንዴት ብላ መንገዳችን ላይ ትሆናለች? ይህን ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ፦ «ታዲያ አንድ ሰዓት አተረፋችሁ።»

ስለ ጉዞው ራሱ የጠየቀ የባለቤቴ ወንድም ብቻ ነው፤ እሱም «ዲዝኒ ካልገባችሁ ፍሎሪዳ ምን ልትሠሩ ነው?» ብሎ ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ። ዲዝኒ ኦርላንዶ አጠገብ በሩን የከፈተው በ1971 (እ.ኤ.አ.) በኦክቶበር ነው። ከዚያ በፊት አካባቢው በብርቱካን እርሻ ይታወቅ ነበር፤ ፍሎሪዳም ነበረች፤ ፀሐይዋም ትወጣ ነበር። ዛሬ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ከመቶ ዶላር በላይ ተከፍሎ ነው የሚገባው፤ አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ በሩ ላይ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። የእኔው ልጅ ቤት ውስጥ ሳህኑን እንዲያጥብ ስነግረው ሕፃን ነው። እዚያ በር ላይ ሲደርስ ግን አባወራ ይሆናል። ይህን ሁሉ ከፍሎ አንድ ሰዓት ሙሉ መሰለፍ ደግሞ አለ። እኔ ሰልፍ በነፃ ቆሜ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ለዘይት፣ ለስኳር፣ ለታክሲ። ከፍዬ የምሰለፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ እቅድ አወጣሁ። እቅድ ስል በወረቀት ላይ፣ ቀኑ ከነማደሪያው። ከአበው አነጋገር ሁሉ አብልጬ የምወደው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን ነው። ቤት መምታቱ ራሱ ያስደስተኛል። የሚያናድደኝ አጠቃቀሙ ነው። ሰው ይህን ተረት የሚያነሳው ሁልጊዜ ድስቱ ካረረ በኋላ፣ የሚያለቅሰው ሰው አጠገብ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው። ሙቀጫው አጠገብ ተገኝቶ፣ ገና ዘነዘናው ሳይነሳ «መጥነሽ ደቁሺ» ያለ ሰው አላየሁም። እኔ ይህን ታሪክ ልቀይር ብዬ፣ እቅዱን ከነተረቱ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩት። ልብና ጭብጨባ ተደረደረ። ወዲያው አክስቴ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «መደቆስ ስትል ትዝ አለኝ፣ ለታምፓዋ ልጅ በርበሬ እልክላታለሁ። በአንተ በኩል ትሄዳለች።»

በርበሬ ሲነሳ እኔም አንድ ነገር ትዝ ይለኛል፤ አለመናገር ግን አልችልም። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ አንዲት እናት ለልጃቸው «ትንሽ ንጥር ቅቤ» ብለው ሰጡኝ። ትንሹ ቅቤ እንዲገባ የራሴን ጫማዎች ከሻንጣ አወጣሁ። ጋቢ ሳይቀር ትቼ መጣሁ። ልጁ መጥቶ አልወሰደም፤ ሥራ ይበዛበታል፤ እኔ ሥራ ፈት ነኝና ቤቱ ድረስ አደረስኩለት። ዕቃውን ከእጄ ተቀብሎ፣ በአንድ እጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ መዘነው። ከዚያ «እማዬ እንዲህ አሳንሳ አትልክም ነበር» አለ። ግቡ የለ፣ ውሃ ጠጡ የለ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤተሰብ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ላይ ስገኝ ሴቶቹ ይጠቃቀሳሉ። ቅቤ የበላው ልጅ ነኝ። ቅቤ ደግሞ አይስማማኝም፣ ቃር ነው የሚለቅብኝ፤ ይህን ግን በለቅሶ ቤት እንዴት አድርጎ ሰው ያስረዳል?

ወደ እቅዱ ልመለስ። የመጀመሪያው ማረፊያችን ሴንት ኦገስቲን ነው። ስፔኖች በ1565 የቆረቆሩት ከተማ ነው። ባሕሩ ዳር ያለውን ምሽግ በ1672 ጀምረው ከሃያ ዓመት በላይ ገነቡት፤ ድንጋዩ ከጥቃቅን ዛጎል የተጣበቀ ስለሆነ የእንግሊዝ መድፍ ሲመታው ከመሰንጠቅ ይልቅ ጥይቱን ዋጥ ያደርገው ነበር። ልጄ ይህን ሲሰማ ስልኩን አስቀመጠ። ይህ በእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

እኔን የሚወስደኝ ግን ከዚያ በስተሰሜን፣ ጥቂት ማይል ርቆ ያለው ፎርት ሞዜ ነው። በእንግሊዞቹ የካሮላይና እርሻዎች በባርነት የነበሩ ሰዎች ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ ደቡብ፣ ረግረጉንና ጫካውን እያቋረጡ ይሸሹ ነበር። ካቶሊክ ሆኖ መሣሪያ ለሚያነሳ ሰው ስፔኖች ነፃነት ይሰጡ ነበርና። በ1738 እነዚህ ሰዎች የራሳቸው ምሽግና መንደር ተሰጣቸው። የጦር አለቃቸው ፍራንሲስኮ ሜኔንዴዝ የሚባል፣ በምዕራብ አፍሪካ ተወልዶ በባርነት ባሕር የተሻገረ ሰው ነበር። በ1740 እንግሊዞች ምሽጉን ያዙት፤ የሞዜ ሰዎች ከስፔኖቹ ጋር ሆነው ንጋት ላይ ገብተው አስለቀቁት። በ1763 ስፔን ፍሎሪዳን ለእንግሊዝ ስታስረክብ፣ ነዋሪዎቹ መልሰው ባሪያ ከሚሆኑ ተጠቃለው ወደ ኩባ ተሻገሩ። የመጀመሪያው ምሽግ የቆመበትን መሬት ዛሬ ረግረጉ ውጦታል፤ መታሰቢያው ግን አለ፣ ሙዚየምም አለው።

በፌብሩዋሪ፣ በጥቁሮች ታሪክ ወር፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ የማይለጥፍ ዘመድ የለኝም። ፎቶ ከነሰንደቁ፣ ጡንቻ ከነእሳቱ። ፍሎሪዳም ያልሄደ የለም፤ ሁሉም የዲዝኒን የአይጥ ጆሮ ራሱ ላይ ደፍቶ የተነሳው ፎቶ አለው። ፎርት ሞዜ የቆመ ግን አንድም አላገኘሁም። ኢተንቪልን ውሰዱ። በ1887 ጥቁሮች ራሳቸው አቋቁመው ራሳቸው ያስተዳደሯት ከተማ ናት፤ ደራሲዋ ዞራ ኒል ኸርስተን ያደገችባት። ከኦርላንዶ መሀል በስተሰሜን አሥር ማይል አትሞላም። ሃይዌይ 4 ራሱ በውስጧ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ እሷ ናት በእውነት መንገድ ላይ ያለችው! መንገዱ ላዩዋ ላይ ነው የተሠራው! እሷን ግን «ጎራ በሉ» ያለኝ የለም፤ ካርቶን የሚቀበል የለባትማ።

ከዚያ በምዕራብ በኩል ክሪስታል ሪቨር እንሄዳለን። ማናቲ ለማየት ነው። ማናቲ ማለት ግማሽ ቶን ሊደርስ ምንም የማይቀረው፣ ሣር በል የባሕር እንስሳ ነው፤ ክረምቱ ሲበርደው ዓመቱን ሙሉ 22 ዲግሪ ገደማ ወደሆነው የምንጭ ውሃ ይሰበሰባል። ሥራው መብላትና መተኛት ነው። ሕግ ስላለ ማንም አያስቸግረውም። ማንም ዕቃ አይልክበትም። እዚህ ላይ፣ ክሪስታል ሪቨር ከታምፓ ሰማንያ ማይል ያህል ብቻ ነው። ይህን ለአክስቴ እንዳትነግሩብኝ።

የታምፓዋን ልጅ አግኝቻት አላውቅም። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሥራ እንደምትሠራ ግን አክስቴ ራሳቸው ነግረውኛል። ነገሩ የሚሆነውን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አክስቴ ይደውሉላታል፤ «እንግዶች ይመጡብሻል» ይሏታል። እሷ የማታውቃቸውን አራት ሰዎች ለማስተናገድ ፈረቃ ትቀይራለች፣ ወይም የቀን ደሞዟን ትተዋለች። ሌሊት ሠርታ ገብታ ሽንኩርት ስትከትፍ ታረፍዳለች። እኛ «ለአምስት ደቂቃ» ብለን እንገባለን። ዶሮው ይቀርባል፤ ቡናው ይፈላል፤ ከአቦል በኋላ መነሳት ነውር ነው፣ ከቶና በኋላ ጥጋብ ነው፣ በረካ ሳይጠጣ ደግሞ ማን ይወጣል። ይመሻል። «እደሩ እንጂ» ትላለች፤ ዓይኗ እንቅልፍ እየጣለው። እኛ «ኧረ አንቸገርም» እንላለን፤ የሆቴሉ ክፍያ ተከፍሏል፣ አይመለስም። ማናቲዎቹ አመለጡ። እሷ ቀኗ ተቃጠለ። ሁለታችንንም እንዲህ ያደረጉን ሴት ሲልቨር ስፕሪንግ ሶፋቸው ላይ ሆነው «እንኳን ተገናኛችሁ!» ይሉናል። ይህ ነው የሚያበግነኝ። እንግዳ መቀበል አይደለም፤ እሱ ወግ ነው፣ እኔም በሬን ዘግቼ አላውቅም። በሰው ነዳጅ፣ በሰው እንቅልፍ፣ በሰው ዶሮ ደግ የሚሆን ሰው ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ክፍያ ያለባቸው መንገዶች ሞልተዋል፤ ካሜራው ታርጋህን አንስቶ ሒሳቡን ቤትህ ድረስ በፖስታ ይልክልሃል። ካርቶን የላከ ሰው «የመንገዱ ስንት መጣብህ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ምክርማ አይጠፋም። ነጥብ የተባለው ዘመዴ «ፍሬን አስፈትሽ፣ ቁልቁለቱ አደገኛ ነው» ብሎ ጽፎልኛል። የፍሎሪዳ ከፍተኛው ቦታ 105 ሜትር ነው። ከሃምሳዎቹ ግዛቶች ከፍተኛ ቦታዎች ሁሉ ዝቅተኛው እሱ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ከየት ቁልቁለት እንዳገኘልኝ እግዜር ይወቅ።

ኤቨርግሌድስን በአጭሩ ልለፈው፤ በእሱ ጉዳይ ቤት ውስጥ ድርድር ላይ ነን። በ1947 የተመረቀ ፓርክ ነው፤ አሊጌተር የሚባለው የአዞ ዘመድና አዞው ራሱ በአንድ ቦታ አብረው የሚኖሩበት። ሻርክ ቫሊ የሚባለው በር ጋ 15 ማይል የሚዞር መንገድ አለ፤ አሊጌተሮቹ ከመንገዱ ዳር ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሰው በብስክሌት ያልፋቸዋል። ባለቤቴ «በምን አልክ?» ካለችኝ በኋላ ጉዳዩ አልተነሳም።

የጉዞው ጫፍ ኪ ዌስት ነው። ደሴቶቹን በ42 ድልድይ እያያዘ 113 ማይል ባሕር ላይ የሚሄደው መንገድ በፊት የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ሄንሪ ፍላግለር የሚባለው ባለሀብት አሠርቶት በ1912 ኪ ዌስት ገባ። በ1935 አውሎ ነፋስ ሰባበረው፤ በ1938 የመኪና መንገድ ሆኖ ተከፈተ። ከድልድዮቹ አንዱ ሰባት ማይል ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። መታጠፊያ የለውም። መውጫ የለውም። ግራና ቀኙ ውሃ ነው፤ ጎራ የሚባል ነገር የለም። ኪ ዌስት ሲገባ ደግሞ ዶሮዎች ባለቤት ሳይኖራቸው በአውራ ጎዳናው ይንጎራደዳሉ፤ እነሱን መጉዳት ክልክል ነው። ልጆቹን ካሁኑ አስጠንቅቄያለሁ፤ ይበልጥ የምሰጋው ግን ለባለቤቴ ነው፤ በዓሉ ቀርቧል።

ሰዓቱ ሄደ፤ ፔንሳኮላ አልሄድም፤ ለአጎቴ ልጅ የፖስታ ቤት ዋጋ ዝርዝር ልኬለታለሁ፤ መልስ የለም። ማያሚ የሚገባውን ሰው ታክሲ ይቀበለው። ስለ በርበሬው ገና እየተነጋገርን ነው፤ መኪናው ውስጥ መግባቱ አይቀርም፣ ዘግቶ መመዘን ግን እኔው ፊት ነው፣ ፎቶም ይነሳል።

ቀሪው ድራይ ቶርቱጋስ ነው። ከኪ ዌስት በስተምዕራብ 70 ማይል ገደማ፣ በጀልባ ወይም ውሃ ላይ በሚያርፍ አውሮፕላን ብቻ የሚደረስበት፣ በ16 ሚሊዮን ጡብ ተጀምሮ ያላለቀ ምሽግ ያለበት ደሴት። ሱቅ የለውም። ስልክ አይሠራም። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ አክስቴ ግን እያጠያየቁ ነው።